አዲስ ሀርድ ዲስክ ገብቶ ኮምፒውተሩ አልነሳ ሲል፦ ከደልጊ የተነሳ ዳሰሳ

ደልጊ በጣና ሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻ ያለች የጣቁሳ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ተነስቶ በኩንዝላና በደልጊ በኩል ጎርጎራ የሚደርሰው የሐይቅ ጉዞ ይህን ዳርቻ ከከተማ ጋር ለረጅም ዘመን አገናኝቷል። ዛሬ በጽሕፈት ቤትም በትምህርት ቤትም ኮምፒውተር የዕለት ሥራ መሣሪያ ሆኗል፤ ዕቃው ሲበላሽ ግን መለዋወጫው በአብዛኛው የሚገዛው ጎንደር ወይም ባሕር ዳር ተሂዶ ነው። ስለዚህ አዲስ የተገዛ ዲስክ ተገጥሞ ኮምፒውተሩ ቡት አላደርግ ሲል፣ «ችግሩ የዲስኩ ነው ወይስ የኮምፒውተሩ?» የሚለው ጥያቄ የትራንስፖርት ገንዘብና የባከነ የሥራ ቀን አብሮት ይመጣል።

የተለመደው ፍርድ ፈጣን ነው። ጥቁሩ ገጽ ላይ «የሚነሳ ዲስክ አልተገኘም» የሚል መስመር ሲታይ፣ «የሸጡልን የተበላሸ ነው» ይባልና ዲስኩ ወደ መጣበት ይመለሳል። ሻጩ ከራሱ ማሽን ላይ ሰክቶ ሲያየው ደግሞ ይሠራል። ገዢ በሻጭ፣ ሻጭ በገዢ ያዝናል። ብዙውን ጊዜ ግን ዲስኩም ኮምፒውተሩም ደህና ናቸው። ያልተስማሙት ባዮስ የሚባለው የማዘርቦርዱ ማስነሻ ፕሮግራም፣ የዲስኩ አከፋፈልና የመጫኛው ፍላሽ ናቸው። የትኛው ከየትኛው እንዳልተስማማ የሚታወቀው ደግሞ ሥራው የት ላይ እንደቆመ በማየት ነው።

በቅድሚያ አንድ ነገር ይጥራ። አዲስ ዲስክ ባዶ ነው፤ ዊንዶውስ ይዞ አይመጣም። አሮጌው ወጥቶ አዲሱ ሲገባ ኮምፒውተሩ «የሚነሳ ነገር የለም» ማለቱ የጤና መልስ ነው። ችግር አለ የሚባለው መጫኛው ፍላሽ ከተሰካ በኋላ ሲሆን፣ ያኔም ሦስት መልክ አለው። ዲስኩ ከነአካቴው አይታይም፤ ወይም ይታይና መጫኛው አልቀበልም ይላል፤ ወይም ዊንዶውስ ተጭኖ ካለቀ በኋላ ኮምፒውተሩ አይነሳም። ሦስቱም ከሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ መፍትሔያቸው ግን ለየቅል ነው።

ዲስኩ ከነአካቴው ሲጠፋ

መጀመሪያ መታየት ያለበት ባዮስ ነው። ኮምፒውተሩ ሲበራ በዴል ኤፍ2፣ በኤችፒ ኤፍ10፣ በብዙዎቹ የሌኖቮ ላፕቶፖች ኤፍ1 ወይም ኤፍ2 ሲጫኑት የሚከፈተው ገጽ የተሰኩትን ዲስኮች በስምና በመጠን ያሳያል። እዚያ ስሙ ከሌለ ፎርማት ማድረግ የሚባል ነገር አይታሰብም፤ ጉዳዩ የገመድ፣ የማስገቢያው ወይም የዲስኩ ዓይነት ነው። የዴስክቶፕ ሳታ ዲስክ ሁለት ገመድ ይፈልጋል፤ አንዱ መረጃ፣ ሌላው ኃይል ያመጣለታል። ሲሠራ ከታየ ማሽን ላይ ገመድ ነቅሎ መሞከር ምንም ወጪ የማያስወጣ ምርመራ በመሆኑ ከሁሉ መቅደም ይገባዋል።

በላፕቶፕ ላይ ግን ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ኤም ዶት ቱ በሚባለው የማይሽከረከር ዲስክ (ኤስኤስዲ) ነው። ስፋቱ 22፣ ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ 80 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀጭን ሰሌዳ ነው፤ በዚያ አንድ ቅርጽ ግን ሁለት የተለያዩ ዲስኮች ይሸጣሉ። አንደኛው እንደ ድሮው ዲስክ በሳታ የሚሠራ ነው፤ ሁለተኛው ኤንቪኤምኢ የሚባለው ፈጣኑ ነው። ልዩነቱ ወርቃማው የመሰኪያ ጠርዝ ላይ ይታያል፦ የሳታው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ክፍተት አለው፣ የኤንቪኤምኢው አንድ ብቻ። ሳታ ብቻ የሚያውቅ ማስገቢያ ላይ ኤንቪኤምኢ ቢሰካ፣ በቦታው ልክ ቢቀመጥም እንኳ ኮምፒውተሩ አያየውም።

የኤንቪኤምኢ የመጀመሪያው መመዘኛ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት የተሠሩ ብዙ ማዘርቦርዶች ከእሱ ላይ መነሳት አይችሉም። በአዳፕተር ቢሰካላቸው ዊንዶውስ ከተነሳ በኋላ እንደ ፋይል ማስቀመጫ ያዩታል፤ ከእሱ ላይ ለመነሳት ግን ባዮሳቸው ቋንቋውን አያውቅም። በኢትዮጵያ ገበያ ያገለገሉ የዴል ላቲቲዩድ፣ የኤችፒ ኤሊትቡክና የሌኖቮ ቲንክፓድ ላፕቶፖች ብዙ በመሆናቸው ነገሩ ተራ አይደለም። ባለሱቁ «ይሄ ፈጣኑ ነው» ብሎ የሰጠው ዲስክ ለአሮጌ ማሽን ጨርሶ ላይሆን ይችላል።

ሌላም የሚያደናግር ሁኔታ አለ፤ ባዮሱ ዲስኩን በስሙ እየጠራው መጫኛው «ምንም ዲስክ አላገኘሁም» የሚልበት። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በወጡት 11ኛ ትውልድ ኢንቴል ፕሮሰሰሮችና ከዚያ ወዲህ ባሉት ብዙ ላፕቶፖች ላይ ዲስኩ ቪኤምዲ በሚባል የኢንቴል ተቆጣጣሪ ስር ይውላል፤ የዊንዶውስ መጫኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ የእሱን ድራይቨር ይዞ አይመጣም። መፍትሔው ሁለት ነው። ወይ ባዮስ ውስጥ ገብቶ ቪኤምዲውን ማጥፋት፤ ወይ ድራይቨሩን አስቀድሞ በፍላሽ ይዞ መጫኛው ዲስክ በሚያስመርጥበት ገጽ ላይ መስጠት።

ሁለተኛው መንገድ በጣና ዳርቻ የራሱ ፈተና አለው። ድራይቨር የሚገኘው ከኢንተርኔት ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሰሞን በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሳይመለስ ቆይቷል። በዚያ ጊዜ ድራይቨሩን አስቀድሞ በፍላሽ ያላኖረ ባለሙያ፣ በደቂቃዎች የሚያልቅ ሥራ ይዞ ከመቀመጥ በቀር ምርጫ አልነበረውም። የኢንቴል የዲስክ ድራይቨር፣ የኔትወርክና የዋይፋይ ድራይቨሮች በአንድ ፍላሽ ላይ ተዘርግፈው መቀመጣቸው ለዚህ አካባቢ ቅንጦት አይደለም።

ዊንዶውስ 7ንም መርሳት አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ነው፤ የፒችትሪ ሂሳብ ወይም ሌላ የቆየ ፕሮግራም የሚሠሩ ቢሮዎች እስካሁን ይፈልጉታል። መጫኛው ግን ኤንቪኤምኢ ዲስክንም ዩኤስቢ 3ንም ከመጀመሪያው አያውቅም። ስለዚህ በአዳዲስ ማሽኖች ላይ ዲስኩ ይጠፋል፤ አንዳንዴም ማውዝና ኪቦርዱ መጫኛው ገጽ ላይ ይሞታሉ። ማሽኑም ዲስኩም ሳይበላሹ ዘመናቸው ስለማይገናኝ ብቻ የሚፈጠር ችግር ነው።

መጫኛው «አልቀበልም» ሲል

በጣም የተለመደው እንቅፋት ይህ ነው። ዲስኩ ይታያል፤ መጠኑም ልክ ነው፤ ግን «ቀጥል» የሚለው ሲነካ መጫኛው በዚህ ዲስክ ላይ ዊንዶውስ መጫን እንደማይቻል ይናገራል። ምክንያቱንም ከስር ይጽፈዋል፦ ዲስኩ ጂፒቲ ነው፣ ወይም ኤምቢአር ነው። አንባቢው ሁለቱን ፊደላት ካላወቀ ግን መልሱን ከፊቱ አስቀምጦ መልስ ይፈልጋል።

ኤምቢአር እ.ኤ.አ. በ1983 ከአይቢኤም የፒሲ ዶስ 2.0 ጋር የመጣ የዲስክ አከፋፈል አሠራር ነው። ሙሉው ነገር የሚቀመጠው በዲስኩ የመጀመሪያ 512 ባይት ውስጥ ነው። ከዚያ ውስጥ 446ቱ ማሽኑን የሚያስነሳ ትንሽ ፕሮግራም፣ 64ቱ የክፍልፍሎች ሠንጠረዥ፣ የመጨረሻዎቹ 2 ባይቶች ደግሞ «ይህ ዲስክ ይነሳል» የሚል ምልክት ናቸው። ሠንጠረዡ እያንዳንዳቸው 16 ባይት ለሆኑ አራት ክፍልፍሎች ብቻ ቦታ አለው። የሚጽፈው ቁጥርም አጭር በመሆኑ ከ2.2 ቴራባይት በላይ ያለውን የዲስክ ክፍል መቁጠር አይችልም። ባለ4 ቴራባይት ዲስክ ገዝቶ ግማሽ ያህሉን ያጣ ሰው የዚህ ገደብ ሰለባ ነው።

ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ማብቂያ ኢታኒየም ለተባለው ፕሮሰሰሩ አዲስ የማስነሻ አሠራር ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2005 የኩባንያዎች ኅብረት ተቋቁሞ ሥራውን ተረከበና ዩኢኤፍአይ ተባለ። የእሱ ጓደኛ የሆነው አከፋፈል ጂፒቲ ነው። በዚህ አሠራር ማስነሻው ከዲስኩ መጀመሪያ ካለች ጠባብ ቦታ ወጥቶ፣ በፋት32 በተሰናዳ ራሱን የቻለ ትንሽ ክፍልፍል ውስጥ እንደ ፋይል ይቀመጣል። ለዊንዶውስ ሕጉ ጥብቅ ነው፦ በዩኢኤፍአይ የተነሳ መጫኛ ጂፒቲ ዲስክ ይፈልጋል፤ በድሮው ባዮስ አሠራር የተነሳ መጫኛ ኤምቢአር ይፈልጋል።

እዚህ ላይ የፍላሹ ነገር ይመጣል። ኤፍ12 ወይም ኤፍ9 ተጭኖ በሚከፈተው የቡት ዝርዝር ላይ አንዱ ፍላሽ ሁለት ጊዜ ተጽፎ ሊታይ ይችላል፤ አንዴ በስሙ ብቻ፣ አንዴ ከስሙ ፊት «ዩኢኤፍአይ» የሚል ተጨምሮበት። የሚቸኩል ሰው የላይኛውን ይነካል። በዚያች ቅጽበት ግን መጫኛው የትኛውን የዲስክ ዓይነት እንደሚቀበል ተወስኗል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው «አልቀበልም» የዲስኩ ጥፋት ሳይሆን የዚያ ምርጫ ውጤት ነው። ሩፉስ በተባለው ፕሮግራም ለአሮጌ ኮምፒውተር ተብሎ በኤምቢአር የተሠራ ፍላሽም በአዲስ ላፕቶፕ ላይ በዩኢኤፍአይ ዝርዝር ውስጥ ላይመጣ ይችላል። ስለዚህ ዲስኩ ከመነካቱ በፊት ፍላሹን እንደገና በዩኢኤፍአይ በኩል አስነስቶ መሞከር ያዋጣል።

ዲስኩ በእርግጥ አዲስ ከሆነና ምንም የሚጠፋ ነገር ከሌለው ቀሪው ሥራ አጭር ነው። መጫኛው ገጽ ላይ እያሉ ሺፍትና ኤፍ10 አብረው ሲጫኑ ጥቁር መስኮት ይከፈታል። «ዲስክፓርት» ተብሎ ሲጻፍ የዲስክ መከፋፈያው ይነሳል፤ «ሊስት ዲስክ» ሲባል ዲስኮቹ 0፣ 1፣ 2 እየተባሉ ከነመጠናቸው ይደረደራሉ። በመጨረሻው ዓምድ ላይ ኮከብ ያለበት ጂፒቲ ነው፤ የሌለበት አይደለም። ከዚያ «ሴሌክት ዲስክ» ብሎ ቁጥሩን መምረጥ፣ «ክሊን» ብሎ ማጽዳት፣ «ኮንቨርት ጂፒቲ» ብሎ መለወጥ ነው።

ከእነዚህ ትእዛዞች ውስጥ «ክሊን» እጅ ከኪቦርድ ላይ አንስቶ ማሰብ የሚገባው ነው። «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ አይጠይቅም። የመጫኛው ፍላሽም፣ የቢሮው አሮጌ ዲስክም ከአዲሱ ጋር በአንድ ዝርዝር ላይ ተሰልፈዋል፤ የሚለዩትም በመጠናቸው ብቻ ነው። አዲሱ 512 ጊጋባይት፣ አሮጌውም 500 ጊጋባይት ከሆነ ዝርዝሩ ላይ ያሉት ቁጥሮች ይቀራረባሉ፤ የዓመታት የደመወዝ መዝገብ በአንድ ቃል ሊጠፋ ይችላል። መድኃኒቱ አንድ ነው፦ አሮጌውን ዲስክ አስቀድሞ መንቀል።

ተጭኖ ካለቀ በኋላ አልነሳ ሲል

አሮጌውን መንቀል ሌላም ጥቅም አለው። ሁለት ዲስክ በተሰካበት ዊንዶውስ ሲጫን፣ መጫኛው አሮጌው ዲስክ ላይ ዝግጁ የማስነሻ ክፍልፍል ካገኘ ብዙ ጊዜ ማስነሻውን እዚያው ያኖረዋል፤ ዊንዶውሱን ግን አዲሱ ላይ ያሰፍራል። ሁለቱ አብረው እስካሉ ሁሉም ደህና ነው። ከሳምንት በኋላ አሮጌው ተነቅሎ ለሌላ ሥራ ሲወሰድ ግን አዲሱ ዲስክ ይሞታል። ባለቤቱ «አዲሱ በሳምንቱ ተበላሸ» ቢል አይፈረድበትም፤ ዲስኩ ግን ሙሉ ነው፤ የጎደለው ማስነሻው ብቻ ነው። ከመጫኛው ፍላሽ ተነስቶ «ቢሲዲቡት» በተባለው ትእዛዝ ማስነሻውን አዲሱ ዲስክ ላይ መጻፍ ይቻላል፤ አዲሱ ላይ ለማስነሻ የሚሆን ክፍልፍል ከሌለ መጀመሪያ መፍጠር ያስፈልጋል።

ሌላው ከሁሉ ቀላሉ ነው። መጫኛው ፋይሉን ገልብጦ ሲጨርስ ኮምፒውተሩ ራሱን ያጠፋና ይነሳል። ፍላሹ አሁንም ተሰክቶ፣ በቡት ቅደም ተከተልም አንደኛ ከሆነ መጫኑ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ሰውየው ሁለት ሦስት ጊዜ ሲጭን ይውላል። በመጀመሪያው ዳግም መነሳት ላይ ፍላሹን መንቀል በቂ ነው።

ሦስተኛው ከአካባቢው ኑሮ ጋር የተሳሰረ ነው። ከጣና ምዕራባዊ ዳርቻ ውሃ የሚወስደው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ በ2002 ዓ.ም. ሲመረቅ 460 ሜጋዋት እንዲያመነጭ ሆኖ የተሠራ ነው። ይሁንና በሐይቁ ዙሪያ ባሉ ከተሞች የመብራት መቆራረጥ የተለመደ ነው። መብራት ሲሄድ ደግሞ የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ባዮስ ማስተካከያውን የሚያስታውሰው ማዘርቦርዱ ላይ ባለች 3 ቮልት ክብ ባትሪ፣ በሲአር2032፣ ነው። በዓመታት ያረጀች ባትሪ ስትሞት፣ በብዙ ማሽኖች ላይ እያንዳንዱ የመብራት መጥፋት ባዮሱን ወደ ፋብሪካው ማስተካከያ ይመልሰዋል። ዩኢኤፍአይ የነበረው ወደ ድሮው አሠራር፣ ኤኤችሲአይ የነበረው የዲስክ አሠራር ወደ ሬይድ ሊለወጥ ይችላል። ትናንት በደንብ ይነሳ የነበረው አዲስ ዲስክ ዛሬ ጠዋት «የለም» ይባላል።

ይህን በሽታ የሚያጋልጠው ሰዓቱ ነው። ኮምፒውተሩ ሲበራ ቀኑ ከብዙ ዓመት በፊት ከተመለሰ፣ ዲስኩን ከመንቀል በፊት ባትሪዋን መቀየር ይገባል። ዋጋዋ ከዲስኩ ጋር የሚነጻጸር አይደለም፤ በብዙ የሰዓት መጠገኛና የኤሌክትሮኒክስ ሱቅም ትገኛለች። ከዚያ ባዮስ ገብቶ የቀድሞውን አሠራር መመለስ ነው። ለዚህም ዊንዶውስ ሲጫን የነበረው ማስተካከያ በስልክ ፎቶ ተነስቶ ቢቀመጥ ብዙ ድካም ያስቀራል።

ስለ መብራት አንድ ነገር ይጨመር። በመጫን መካከል መብራት ቢሄድ ዲስኩ አብዛኛውን ጊዜ አይጎዳም፤ ክፍልፍሉን አጥፍቶ እንደገና መጀመር ነው። ባዮስ በሚታደስበት ጊዜ ቢሄድ ግን ማዘርቦርዱ ራሱ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ የባዮስ ማደስ ባትሪው በሞላ ላፕቶፕ ወይም በዩፒኤስ ካልሆነ በቀር የሚሞከር አይደለም።

በእርግጥ ችግር ያለበት ዲስክ

ገዢው ሁልጊዜ ተሳስቷል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ሃይዘ የተባለው የጀርመን የቴክኖሎጂ ዜና ተቋም፣ አዲስ ተብለው የተሸጡ የሲጌት ዲስኮች ቀደም ሲል በሺዎች ለሚቆጠሩ ሰዓታት ሲሠሩ የቆዩ መሆናቸውን አጋልጧል። ተራው የዲስክ ማሳያ የሚያነበው የሰዓት ቆጣሪ ወደ ዜሮ ተመልሶ ነበር፤ ማጭበርበሩ የታወቀው ዲስኩ ውስጥ ባለ ሌላ መዝገብ ነው። በአውሮፓ ገበያ ይህ ከሆነ፣ ማሸጊያውን ብቻ አይቶ መግዛት በየትም አገር በቂ አይደለም።

ለገዢው ሁለት ምርመራዎች በቂ ናቸው፤ ሁለቱም ሱቅ ውስጥ ሻጩ እያየ ሊደረጉ ይችላሉ። ክሪስታልዲስክኢንፎ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደሠራና ስንት ጊዜ እንደበራ ያሳያል፤ በእርግጥ አዲስ የሆነ ዲስክ ዜሮ ወይም እጅግ ጥቂት ነው የሚያሳየው። ሁለተኛው መጠኑን የሚፈትን ነው። በርካሽ የሚሸጡ አንዳንድ ፍላሾችና ኤስኤስዲዎች ውስጣቸው ትንሽ ሆኖ ትልቅ ቁጥር እንዲያሳዩ ተደርገው ይሠራሉ፤ ኤች2ቴስትደብልዩ የተባለው ፕሮግራም እስከ ጫፍ ጽፎ መልሶ በማንበብ ያጋልጣቸዋል። እንዲህ ያለ ዲስክ ላይ መጫኑ መሃል ላይ የቆመ ሰው ስህተቱን ራሱ ላይ ሊፈልግ አይገባም።

የሚሽከረከረው ሀርድ ዲስክ ደግሞ ድምፅ አለው። ተነስቶ ጠቅ ጠቅ እያለ የሚቆም ከሆነ ማንበቢያው ታውኳል፤ ምናልባትም መንገድ ላይ ተመትቷል። ከፍታም ያገባዋል፤ ማንበቢያው በሳህኑ ላይ የሚንሳፈፈው በአየር ስለሆነ፣ አምራቾች ብዙውን ጊዜ እስከ 3,000 ሜትር አካባቢ ይሠራል ይላሉ። ጣና በ1,800 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኑ ደልጊ ላይ ይህ ስጋት የለም። በከፍተኛው ደጋ ግን ኤስኤስዲ መምረጥ ይሻላል።

ማን ያውቀዋል? ማንስ ይመረምራል?

ባሕር ዳር ቴክኖሎጂ ማስተማር የጀመረችው በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ በተከፈተው ፖሊቴክኒክ ነው፤ እሱም በ1992 ዓ.ም. ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ውስጥም የሃርድዌርና ኔትወርክ ሰርቪስ ራሱን የቻለ የሙያ መስክ ነው፤ ተመራቂዎቹ ሲኦሲ በሚባለው የሙያ ብቃት ምዘና ይመዘናሉ። ወረዳኔት የተባለው የመንግሥት ኔትወርክ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወረዳዎችን ማገናኘት ሲጀምርም በየወረዳው የአይሲቲ ባለሙያ አስፈለገ። እውቀቱ ስለዚህ በአገሩ አለ። የጎደለው ለማሽኑ ታሪክ የሚሆን መዝገብ ነው። ኮምፒውተር ከአንዱ ባለሙያ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ባዮሱ በየትኛው አሠራር እንደነበረ፣ ዲስኩ በምን እንደተከፈለ የሚናገር ወረቀት አብሮት ካልሄደ ተረካቢው ከዜሮ ይጀምራል። በየዕቃው ላይ የንብረት ቁጥር የሚለጥፍ መሥሪያ ቤት ይህንንም መለጠፍ አያቅተውም።

መዝገቡ አሁን ይበልጥ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ ዩኢኤፍአይን፣ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደህንነት ክፍልና በኢንቴል በኩል 8ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ ወዲህ ያለ ፕሮሰሰርን ይጠይቃል። ከዚያ በፊት የተሠራ ማሽን ላይ አዲስ ኤስኤስዲ ቢገባ ፍጥነቱ ይለወጣል፤ መጫኛው ግን «ይህ ኮምፒውተር ዊንዶውስ 11ን አይችልም» ሊል ይችላል። የዲስኩ ዋጋ ከመከፈሉ በፊት የፕሮሰሰሩን ትውልድ ማየት ያስፈልጋል። ለእነዚህ ማሽኖች ሊኑክስ ሚንትን የመሰለ ነጻ ሥርዓት አንድ መንገድ ነው፤ ፒችትሪና የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝ የግድ በሚያስፈልጉበት ቢሮ ግን ውሳኔው በፕሮግራሞቹ ይታሰራል። በፓወር ግዕዝ የድሮ ፊደል የተጻፉ ሰነዶችም ፎንታቸው አዲሱ ዲስክ ላይ እስኪጫን ድረስ አይነበቡም፤ ስለዚህ ፎንቶቹ ከአሮጌው ዲስክ ቀድመው መውጣት አለባቸው።

ከደልጊ ዲስክ ለመግዛት የሚነሳ ሰው አንድ ገጽ ይዞ ቢወጣ ይበቃዋል፦ የማሽኑ ሞዴል፣ የፕሮሰሰሩ ትውልድ፣ ማስገቢያው ሳታ ነው ወይስ ኤንቪኤምኢ፣ ባዮሱ በዩኢኤፍአይ ነው ወይስ በድሮው አሠራር፣ ሰዓቱ መብራት ሲጠፋ ይመለሳል ወይስ አይመለስም። ሱቅ ሲደርስ የዲስኩን የሥራ ሰዓትና መጠን ሻጩ ፊት አስመርምሮ፣ ውጤቱን በዚያው ገጽ ላይ ጽፎ ደረሰኙን አያይዞ ይመለሳል። ሲመለስ ዲስኩ አልነሳ ቢለው፣ ከዚያ ገጽ ላይ የቀሩት ጥርጣሬዎች የባዮሱ አሠራር፣ የፍላሹ አሠራርና የዲስኩ አከፋፈል ብቻ ይሆናሉ፤ ሦስቱም እዚያው ደልጊ ላይ የሚፈቱ ናቸው።